የገረጡት ጉድጓዶች

እትዬ ከሥራ ጠረጴዛዋ ሥር በጎኗ ወድቃ ተገኘች። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ዓይኗ ፈጧል፣ የነጭ ጋዋኗ ኪሶች ወደ ውጭ ተገልብጠዋል። አንድ ነገር አጥብቃ ፈልጋ ያጣች ሰው ትመስል ነበር። በሕይወት ሳለች የፈለገችውን ያጣችበት ቀን ስለማይታወቅ፣ ሬሳዋን ያዩት ሁሉ ከሞቷ እኩል በዚህ ደነገጡ።

እትዬ የሁሉም እትዬ ነበረች። ታናሽ ወንድሟ እትዬ ይላታል፤ በዕድሜ አባቷ የሚሆነው ዘበኛ እትዬ ይላታል፤ ሆዳቸው የገፋ የፋብሪካ ባለቤቶችም ውጤት ሊጠይቁ ሲመጡ ድምፃቸውን አለስልሰው እትዬ ይሏታል። የምግብና የመድኃኒት መመርመሪያ ላብራቶሪው ኃላፊ ናትና፣ ማሸጊያው ላይ «ቫይታሚን አለው» የተባለለት ክኒን፣ ሽሮፕና የሕፃናት ዱቄት ሁሉ እሷ «አዎ፣ አለው» ካላለች ገበያ አይወጣም። ይህችን «አዎ» ከአፏ ለማውጣት ስንቱ ደጅ ጠንቷል።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየና «አስም ነው» አለ። ሳጅኑም በዚያው ነገሩን ጨረሰው። መርማሪዋ ጉልበቷን እያሻሸች ከበሩ ስትገባ፣ ቆሞ የጠበቃት ልክ ፈተና አልፎ ውጤቱን እንደሚያሳይ ተማሪ ደስ ብሎት ነበር። ይህችን አጭር፣ ድብልብል ያለች ሴት መሥሪያ ቤቱ ከጀርባዋ «እሜቴ ለምን» ይላታል። እሷም ታውቃለች። ለምን እንደሚሏት ግን አልጠየቀችም።

«አደጋ ነው አለቃ» አለ ሳጅኑ። «ሟቿ የዱቄት ብናኝ ካሸተተች ይዘጋታል። ስለዚህ ዱቄት እዚህ ክፍል አይገባም፤ ዱቄቱን ወዲያ ማዶ የሚመዝነው ግራም የሚሉት ቴክኒሻን ነው። ዱቄት የነካ ጋዋን ለብሶ ገባ፣ ብናኙ አፈናት። ያቺ በአፍ የምትነፋው የአስም መድኃኒቷ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሎ በነበረው በሱ ጋዋን ኪስ ውስጥ ተገኘች። ጋዋን ተቀያይረዋል። ቸልተኛ ነው፤ ይታሰራል።»

«ይቺ የለበሰችው ጋዋን የማን ነው?»

ሳጅኑ ጎንበስ አለ። ደረቱ ላይ በቀይ ክር የሟቿ ስም ተጠልፏል።

«የ… የራሷ ነው።»

«ታዲያ መድኃኒቷ በእግሯ ሄዳ ነው እሱ ኪስ የገባችው?»

እሷ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ማራገቢያ ቀና ብላ አየች። «ያን አውርድልኝ።» ሲያወርድላት ከጀርባው ባለው ወንፊት ላይ ጣቷን አሳለፈች፤ ነጣ ያለ ነገር ያዘ።

«አቧራ ነው አለቃ።»

እሜቴ ለምን ጣቷን ላሰች። ሳጅኑ ፊቱን አዞረ። «አቧራ አይጣፍጥም» አለች። «ከጋዋን ላይ የረገፈ ዱቄት መሬት ይወርዳል እንጂ ማራገቢያ ጀርባ አይወጣም። አንድ ሰው በጭብጡ ይዞ እዚህ ጋ በትኖታል። ማራገቢያው ደግሞ ወደ ፊቷ ነፋው።»

ከዚያ በኋላ ነው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቢጫ ነገር ያየችው። የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ ትንንሽ ጉድጓዶች በመስመር የተደረደሩበት ጥርት ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። አንዳንዱ ጉድጓድ ደማቅ ቢጫ ነው፣ አንዳንዱ የገረጣ። የመጨረሻው መስመር እንደ ውሃ ንጹህ ነው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ግራምን ጥራልኝ» አለች።

ግራም ከስሙ የማይበልጥ ቀጭን ሰው ነው። የሸሚዙን ቁልፍ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ትጠላት ነበር?»

«ማን፣ እትዬን? ኧረ በጭራሽ!»

«ትላንት ሰድባሃለች ይላሉ።»

«ሁሌ ነው የምትሰድበኝ። ትላንት እንኳ ‹አንተ ሚዛን ላይ ብትወጣ ዜሮ ነው የሚያነበው› አለችኝ። ሳትሰድበኝ ከዋለች፣ ዛሬ አሟታል እንላለን።»

«እሺ፣ ይሄ ቢጫው ምንድነው?»

ስለ ሥራው ሲጠየቅ ቁልፉን ተወው። «ፕሌት ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ግርጌ ላይ አንቲቦዲ ተለጥፏል፤ የምንፈልገውን ቫይታሚን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ነገር ነው፣ ሌላውን አይነካም። የዛሬው ለቢ አሥራ ሁለት ነው። ከዱቄቱ ያወጣነውን ፈሳሽ እንጨምርበታለን። ከሱ ጋር ደግሞ ምልክት ያሰርንበት የራሳችንን ቫይታሚን እንጨምራለን። ሁለቱ ለወንበር ይሻማሉ። ወንበር ያጣው ታጥቦ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ምልክቱ ያለበት ብቻ ቀለም…»

«የታክሲ ሰልፍ በለኛ! ጣጣው ብዙ ነው። ስለ ቀለሙ ብቻ ንገረኝ።»

«መጨረሻ ላይ ውሃ የመሰለ ቀለም አውጪ ይጨመራል። ቀስ እያለ ሰማያዊ ይሆናል። ዝም ካሉት መጥቆሩን አያቆምም፤ ይበላሻል፣ አይነበብም። ስለዚህ በጊዜው አሲድ ጠብ ይደረግበታል። ያኔ ባለበት ይቆማል፣ ወደ ቢጫም ይለወጣል።»

«ያለ አሲድ ራሱን ችሎ እንዲህ ያለ ቢጫ አይሆንም?»

«አይሆንም።»

«ከሥሯ የተገኘው ፒፔት፣ ባለ ስምንት አፉ ፈሳሽ ማንጠባጠቢያ፣ ውስጡ የቀረውስ ፈሳሽ?»

«ቀለም አውጪው ነው። የመጨረሻው መስመር ላይ ልትጨምር ስትል ነው የወደቀ…» ግራም ንጹሑን መስመር አየ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። «ቀለም አውጪውን ጨምራ አልጨረሰችም!»

«ሳትጨርስ ወደቀች። ማን አቆመው ታዲያ?»

እሷም መልስ አልጠበቀችም። ማቆሚያው አሲድ የት እንደሚቀመጥ ጠየቀችው። እሱም የመመርመሪያውን ሳጥን ከፍቶ፣ ከሌሎቹ ጠርሙሶች ጋር አብሮ የሚመጣ ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። ማሸጊያው አልተነካም። ግራም ጠርሙሱን ገለባበጠው። በዚህ መሐል እሜቴ ለምን ከመደርደሪያው ታችኛ ክፍል ፊት በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ክዳኑ ተወላግዶ የተቀመጠ ትልቅ ጠርሙስና አፉ አንድ ብቻ የሆነ አሮጌ ፒፔት አገኘች። ሁለቱም ላይ አቧራ አለ፤ አቧራው ላይ ደግሞ ጣት የጠረገው ቦታ አለ።

«ይሄስ?»

«ይሄማ ከኔ በፊት የነበረ ነው። ድሮ አሲዱን እዚሁ እየበጠበጡ ያስቀምጡ ነበር ይባላል። አሁን ማን ይነካዋል?»

«አንድ ሰው ነክቶታል» አለችና ለመነሳት እጇን ዘረጋችለት። «በል፣ ከዚያው ዱቄት አዲስ ፕሌት አዘጋጅልኝ። እስከ ቀለም አውጪው ድረስ። ቀለም አውጪውን ራሴ ነኝ የማስጨምርህ።»

የእትዬ ወንድም ሚስት እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ዛሬ የሚመረመረው ዱቄት የባሏ ነው፤ የምትቀምመው እሷ። የእናቱን ጡት ያጣ ሕፃን ሁሉ የሚጠጣው ዱቄት ነው።

«ከሟቿ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«‹ማንኪያ› ነበር የምትለኝ። በሠርጌ ቀን ሰው ፊት ‹ወንድሜ ሚስት አገባ ሲሉኝ መጣሁ፣ ማንኪያ ነው ለካ› አለች።» ሴቲቱ ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ግን ልጄ ሲታመም ሦስት… ስንት ጊዜ እኮ ይዛው ሐኪም ቤት አድራለች።»

«ዛሬ ለምን መጣችሁ?»

«ውጤቱ ዛሬ ነው ብላን። እኔ ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም። ባሌ ስልክ ሊያወራ ወደ መኪናው ወጣ።»

«ውጤቱ ያስፈራሽ ነበር?»

«እኔን? አይ፣ እኔማ አልፈራሁም።» ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች። «እሱ ነው የሚፈራው። ሰሞኑን እህል አይቀምስም።»

ባልየው መኪናው ላይ ግንባሩን አስደግፎ ጮክ ብሎ ያለቅሳል። ሰው ሲመጣ ለቅሶው ከፍ ይላል፣ ሲሄድ ዝቅ። እሜቴ ለምን ሁለት ጊዜ መጥታ ሁለት ጊዜ ሄዳ ይህን አረጋገጠች፤ በሦስተኛው ቀረበችው።

«ነፍስ ይማር።»

«እናቴም አባቴም እሷ ነበረች! እኔን ሳታጎርስ ጎርሳ አታውቅም።»

«ሥራዋንስ ያውቁት ነበር?»

«እኔ? እኔ ዱቄት ነጋዴ ነኝ፤ ከብርጭቆና ከጠርሙስ ጋር ምን አገናኘኝ? ከመቀበያው አልፌ ገብቼ አላውቅም።»

«ዱቄትዎ ፈተናውን ባያልፍስ?»

«መጋዘኑ በሙሉ ይቃጠላል። እኔም አበቃልኝ።»

«ሕፃናቱስ?»

ሰውየው እንባውን ጠርጎ አያት። «የትኞቹ ሕፃናት?»

እሜቴ ለምን በዚህ ጊዜ እንኳ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ወደ ዘበኛው ሄዳ ብዙ አወራች። ሽማግሌው መጀመሪያ ራሱን ነቀነቀ፣ ኋላ አንገቱን ደፋ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም እትዬ በሞተችበት ክፍል ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነሥቷል። ወንድምየው በሩ አጠገብ ቆሞ «እዚህ ክፍል ባታስገቡኝ ምን ነበረበት፣ አልችልም» ሲል ሳጅኑ ወንበር ሳበለት። ሚስቱ አጠገቡ ተቀመጠች። ዘበኛው ኮፍያውን ይዞ ቆመ። ግራም ጠረጴዛው ጋ፣ አዲሱ ፕሌት ፊቱ፣ ፒፔቱ እጁ ላይ።

«ይሄ የእርስዎ ዱቄት ነው» አለች እሜቴ ለምን ወደ ወንድምየው ዞራ። «እትዬ ሳትጨርስ ስለቀረች እንደገና ይመረመራል። መጋዘኑ ይቃጠል አይቃጠል የሚወሰነው በዚህ ነው፤ የተረፈ ፈሳሽ የለም፣ ሌላ ዕድልም የለም። ግራም፣ ቀለም አውጪውን ጨምር። ከዚያ እጅህን ሰብስብ። እኔ ሳልልህ ምንም እንዳትነካ።»

ግራም ጨመረ። እጁን ሰበሰበ። እሷም ወሬ ጀመረች።

ስለ ጉልበቷ አወራች። ስለ ሐኪሟ አወራች። ሐኪሟ ክብደት ቀንሺ እንዳላትና ሐኪሙ ራሱ በሩን በጎኑ እንደሚያልፍ አወራች። ሳጅኑ አለቃው አብዳለች ብሎ አሰበ። ጉድጓዶቹ መጀመሪያ የጠዋት ሰማይ መሰሉ። ከዚያ ደመቁ። ሚስትየዋ መርማሪዋን ታያለች፤ ዘበኛው ኮፍያውን ያያል። ወንድምየው ግን ዓይኑን ከፕሌቱ አልነቀለም። ጉድጓዶቹ እየበሰሉ፣ እየጠቆሩ ሲሄዱ ወደ ወንበሩ ጫፍ ተሳበ።

«… ቅቤውን ተዪ አለኝ እልሃለሁ ሳጅን፣ እኔ ደግሞ…»

«አሲዱን አድርግበት እንጂ!» ወንድምየው ከወንበሩ ተነሥቶ ጮኸ። «ምን ታያለህ አንተ ደንቆሮ፣ ጊዜው አለፈ እኮ! ሊበላሽ ነው!»

ሳጅኑ በሩ ላይ ቆመ።

«አድርግበት ግራም» አለች እሜቴ ለምን በለሆሳስ። ግራም ሲጨምርበት ሰማያዊው ሁሉ ቢጫ ሆነ። «ከመቀበያው አልፎ የማያውቅ ዱቄት ነጋዴ፣ ሰማያዊው ውሃ ጊዜ እንደሚያልፍበትና አሲድ እንደሚያቆመው ማን ነገረው?»

«እ… እህቴ አጫውታኝ…»

«ዘበኛ።»

ሽማግሌው ኮፍያውን ጨበጠ። «እትዬ ስሙን እንዳታነሳ ብላኝ ነበር። ይሄ ወንድሟ ድሮ እዚሁ አብሯት ይሠራ ነበር። ሳይመረምር የፈጠራ ውጤት ሲጽፍ ያዘችውና አባረረችው። ገመናው እንዳይወጣ ብላ ለማንም አልተናገረችም።»

ሚስትየዋ ባሏን አየችው። ይህን የሰማችው ዛሬ ነው።

«ጠዋት ያየሁት ይህን ነው» አለች መርማሪዋ። «ዱቄት በማራገቢያው ጀርባ ተበትኗል፤ ስለዚህ አደጋ አይደለም። መድኃኒቷ ከራሷ ኪስ ወጥታ የሌላ ሰው ኪስ ገብታለች፤ ስለዚህ የወሰደባት ሰው እስኪያቅፋት ድረስ የምታቀርበው ነው። እትዬ ቀለም አውጪውን ሳትጨርስ ወደቀች፣ ፕሌቱ ግን ቆሟል፤ ስለዚህ እሷ መሬት ላይ ስትታፈን ሌላ ሰው ቀለሙ እስኪደርስ ቆሞ ጠብቋል። ያ ሰው ሥራውን ያውቃል። ግራም ነው እንዳልል፣ ግራም ቢሆን በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ማቆሚያ በከፈተ፣ ይህን አሮጌ ፒፔት ባልነካ። ሥራውን የሚያውቅ፣ የዛሬውን ሳጥን ግን የማያውቅ ሰው ነው፤ አሲዱን ድሮ በተወው ቦታ ፈልጎ ያገኘ። ያ ሰው ደግሞ ለመጠበቅ ምክንያት አለው። ውጤቱን ማወቅ ይፈልጋል። ኪስህን ገልብጥ።»

«አንተ» ስትለው ሁሉም ሰማ። ሳጅኑ ኮቱን ገለበጠው። ለገዢ የሚያሳየው ናሙና ሁሌም የሚቀመጥበት የቀኝ ኪስ ባዶ ነው፤ ስፌቱ ላይ ግን ዱቄት ቀርቷል።

ወንድምየው ተቀመጠ። ሲናገር ለቅሶው ሁሉ ጠፍቶ፣ ድምፁ ሒሳብ እንደሚያስረዳ ሰው ሆነ። «ልገድላት አልነበረም። ለመንኳት። ‹ፕሌቱ የሚለውን ነው የምለው› አለች። እሺ፣ እኔም ፕሌቱን እጠብቃለሁ አልኩ። መድኃኒቷ እጄ ላይ ነበረች። ዱቄቱ ቫይታሚን ካለው እሰጣታለሁ፣ ከሌለው… ሌላ ኃላፊ ይመጣል፤ ሌላ ኃላፊ ሰው ነው፣ ያናግሩታል። መድኃኒቷን ኮሪደሩ ላይ በተሰቀለው ጋዋን ኪስ ከትቼ፣ የግራም ኮቴ ሲሰማ በገባሁበት በጓሮ በር ወጣሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? ባዶ ነው!» አዲሱን ፕሌት በጣቱ አሳየ። «እዩት፣ የኔ ጉድጓዶች ገርጥተዋል። አሁንም ገርጥተዋል። ባዶ ነው!»

ግራም ቀና አለ። ግራ የገባው ይመስላል እንጂ ክፋት የለበትም።

«ባዶ? ሙሉ ነው እንጂ።»

«ደማቁ ነው ሙሉ! እኔን ልታስተምረኝ ነው?»

«ድሮ በምትሠሩበት ምርመራ ይሆናል። በዚህኛው ግን ይሻማሉ ብያለሁ እኮ። ከዱቄቱ የመጣው ቫይታሚን ከበዛ ወንበሩን ሁሉ ይይዘዋል፤ ቀለም የሚያመጣው የኛው ቦታ አጥቶ ይታጠባል። ቫይታሚኑ በበዛ ቁጥር ቀለሙ ይገረጣል።» አንዱን ጉድጓድ ወደ ብርሃኑ አዞረው። «እንዲህ የገረጣ ብዙም አላጋጠመኝም። የጠዋቱም ይኸው ነው። አልፈሃል።»

«ሊሆን አይችልም» አለ ወንድምየው። «ቫይታሚኑን ከግማሽ በታች አድርጊ ብዬ…» ወደ ሚስቱ ዞረ።

ሴቲቱ ቦርሳዋ ላይ አቀርቅራለች። «አላጎደልኩም» አለች። «አንተ ስትወጣ የቀረውን እጨምረው ነበር። የኛም ልጅ ያንኑ ነው የሚጠጣው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትቆጣለህ ብዬ።»

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ፤ ግን እሜቴ ለምን በእጇ ምልክት አስቆመችው፤ ሰውየው ገና እየተናገረ ነበርና። የሚናገረው ለማንም አልነበረም።

«ጠረጴዛውን ይዛ በጉልበቷ ቆማ ነበር» አለ። «መናገር አልቻለችም። በጣቷ የገረጡትን ታሳየኛለች። ደጋግማ ታሳየኛለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ ‹አላልኩህም? ባዶ ነው› የምትለኝ መስሎኝ… ሞቷን እያየች እንኳ ልትረታኝ የምትፈልግ መስሎኝ ተናደድኩ።»

ጣቱን ወደ ፕሌቱ ዘርግቶ፣ እሷ እንዳደረገችው ደጋግሞ አሳየ።

«ለካ ‹አዎ፣ አለው› እያለችኝ ነው።»